ሴፍቲኔትና የድርቅ እርዳታ፦ ማን ያገኛል? ስንት ያገኛል? ዝርዝሩንስ ማን ያየዋል?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በልግ ሲቀር ወይም ክረምቱ ቶሎ ሲወጣ ስልኬ ይበዛል። ብዙ ጊዜ የምትደውለው አክስቴ ናት። ወሎ ውስጥ፣ ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ ነው የምትኖረው። ጥያቄዋ ሁሌም ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፦ «አምና ስሜ ነበረ፤ ዘንድሮ የለም አሉኝ። ማንን ልጠይቅ?» እሷ ስትደውል ጎረቤቶቿም አጠገቧ ይቀመጣሉ። ስልኩን እየተቀባበሉ የየራሳቸውን ይጠይቁኛል። እኔም የፕሮግራሙን መመሪያና ሕጉን እያነበብኩ መልስ መስጠት ጀመርኩ። እዚህ የጻፍኩት ለእነሱ የመለስኩትን ነው።

ሴፍቲኔትና የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ግን ሁለቱም በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ኮሚቴ እጅ ስለሚያልፉ ሰው ያደባልቃቸዋል።

ሴፍቲኔት፣ ሙሉ ስሙ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች ነው። ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም ይመጣል። ጉልበት ያለው ሰው እንደ እርከን ያለ የአካባቢ ልማት ሥራ ይሠራበታል፤ ጉልበት የሌለው ሳይሠራ ያገኛል። የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ የሚመጣው ግን ድርቅ፣ ጎርፍ፣ አንበጣ ወይም ግጭት ሲደርስ ነው። ችግሩ ሲያልፍ ይቆማል። ከተማ ውስጥም ሴፍቲኔት የሚባል አለ። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እዚህ የማወራው ስለ ገጠሩ ነው።

ስለዚህ ስምሽ ጠፋ ሲሉሽ መጀመሪያ «ከየትኛው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ የምትሄጂበትን ቢሮ ይለውጠዋል።

ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ። ከዚያ በፊት አገሩ በየዓመቱ ልመና ይወጣ ነበር። ድርቅ ይመጣል፣ ጥሪ ይደረጋል፣ እህሉ ከውጭ ተጭኖ እስኪደርስ ገበሬው በሬውን ይሸጣል። በ1995ቱ ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ያኔ መንግሥትና ለጋሾች «በየዓመቱ እንደሚቸገር የምናውቀውን ሰው ለምን በየዓመቱ እንደ አዲስ እንቆጥራለን?» ብለው ተነሱ። ሴፍቲኔት ከዚያ ወጣ። ገንዘቡ ከመንግሥትና ከዓለም ባንክን ከመሳሰሉ ብዙ ለጋሾች ይመጣል። አምስተኛው ምዕራፍ የተጀመረው በ2013 ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1965 እና 66 ወሎ ውስጥ ሰው ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ደብቆት ነበር። ዓለም በሰፊው የሰማው ጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው። የአክስቴ ትውልድ ያንን አይረሳም። «ተደብቆ የሚሰጥ ነገር» ሲባል ሰዉ ቶሎ የሚቆጣው ዝም ብሎ አይደለም።

ማን ይመርጣል?

ብዙ ሰው የቀበሌው ሊቀመንበር ይመርጣል ብሎ ያስባል። መመሪያው እንዲህ አይልም። መጀመሪያ ኮታው ከላይ ይወርዳል፦ ለወረዳው ይህን ያህል ሰው፣ ለቀበሌው ይህን ያህል። ከዚያ በየጎጡ ሰዉ ራሱ የሚያቋቁመው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አለ። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ወጣት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይገኙበታል። ቤት ለቤት የሚያውቀውን እያሰበ ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ በስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ሰዉ «ይሄ ይገባዋል፣ ይሄ አይገባውም» ይላል። ከዚያ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይሄዳል።

መለኪያውም ተጽፎ ያለ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ምግብ ያጠረው ቤተሰብ። በድንገት ከብቱን ወይም ንብረቱን ያጣ። ከሌላ ቦታ በቂ ድጋፍ የሌለው። ከዚያ መሬቱ ስንት ጥማድ ነው፣ በሬ አለው ወይ፣ ቤቱ ውስጥ ሠራተኛ ጉልበት አለ ወይ እየተባለ ይጣራል።

ችግሩ ኮታው ነው። ሁለት መቶ ሰው በሚቸገርበት ጎጥ የመቶ ሰው ኮታ ከመጣ ኮሚቴው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን መቶ ሰው ይከፋዋል። ለዚህ ነው ኮታው ራሱ ለሕዝብ መነገር አለበት የምለው። ሰዉ «ለጎጣችን የመጣው ይህን ያህል ነው» ብሎ ካወቀ ከኮሚቴው ጋር አይጣላም። ካላወቀ ግን «የቀረውን በሉት» ይላል። ይህንንም በማለቱ አልፈርድበትም።

ልጄ ከአረብ አገር ብር ይልክልኛል። ይሰርዙኛል?

ከመለኪያዎቹ አንዱ የቤተሰብ ድጋፍ ስለሆነ ሊታይ ይችላል። ግን «ልጅ ውጭ አለ» ብቻ ምክንያት መሆን የለበትም። ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች ልጅ ደላላው የከፈለላትን ዕዳ እየከፈለች ሁለት ዓመት ምንም ላትልክ ትችላለች። ጎረቤት የሚያየው መሄዷን ብቻ ነው። ስብሰባው ላይ ይህ ከተነሳ የላከችውን መቼና ስንት እንደሆነ በግልጽ መናገር ይሻላል። ዝም ካልን ሌላው ይናገርልናል፤ እሱም አብዝቶ ነው የሚናገረው።

ለአንድ ሰው ስንት ነው?

ይህን እያንዳንዱ ተጠቃሚ በቃሉ ሊያውቀው ይገባል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የአምስት ቀን ሥራ ይታሰባል። በእህል ከሆነ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። በገንዘብ ከሆነ ያንን እህል ሊገዛ የሚችል ብር ይተመናል። ሥራው የሚሠራው ለስድስት ወር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ፣ እርሻ በሌለበት።

አምስት ሰው የተመዘገበበትን ቤት እንውሰድ። አምስት ሰው በአምስት ቀን 25 የሥራ ቀን ይሆናል። በእህል 75 ኪሎ እህልና 20 ኪሎ ጥራጥሬ ማለት ነው፣ በወር። በገንዘብ ከሆነ የዘንድሮውን የቀን ክፍያ በ25 አባዢው። የቀን ክፍያው በየጊዜው ይለዋወጣል። ፕሮግራሙ ሲጀመር በቀን 6 ብር ነበር፤ ያኔ ይህ ቤት በወር 150 ብር ያገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የገበያ ዋጋ እየታየ ሲጨመር ቆይቷል። የዘንድሮው ስንት እንደሆነ ቀበሌው የመናገር ግዴታ አለበት።

አክስቴን «ስንት ሰጡሽ?» ስላት «የሰጡኝን ተቀበልኩ» ትለኝ ነበር። ስንት እንደሚገባት ስለማታውቅ ጎደለ ወይስ ሞላ የሚለውን ማወቅ አትችልም። አንድ ቀን በስልክ አብረን አባዛን። ጣቷን እየቆጠረች «ሃያ አምስት… ሃያ አምስት» ስትል እሰማታለሁ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ያዡ ፊት ቆማ ራሷ ትቆጥራለች።

የአስቸኳይ ጊዜው እርዳታ መጠኑ ትንሽ ይለያል። የተለመደው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ክክ ወይም ሌላ ጥራጥሬ እና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። አቅርቦት ሲያጥር ይቀንሳል። ከቀነሰ ግን «ቀንሷል፣ ለዚህ ነው» ተብሎ ከመታደሉ በፊት መነገር አለበት።

አርጅቻለሁ፤ ነፍሰ ጡር ነኝ። ድንጋይ መሸከም አለብኝ?

የለብሽም። ያረጀ፣ የታመመ፣ አካል ጉዳት ያለበት፣ ቤቱ ውስጥም የሚሠራለት ጉልበት የሌለው ሰው በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይያዛል። ሳይሠራ፣ ዓመቱን ሙሉ ይከፈለዋል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ቢያንስ ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ከእርከን ሥራ ነፃ ናት። ክፍያዋ ግን አይቋረጥም። እርግዝናዋን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቶሎ መናገር ያለባት ለዚህ ነው።

ስም ዝርዝሩ ለሕዝብ መታየት አለበት?

አዎ። የፕሮግራሙ መመሪያ የተመረጡት ስም በስብሰባ እንዲነበብና ሰው በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ ያዛል። የቀበሌው በጀትና የሥራ ዕቅድም እንዲሁ። ቅሬታ ስንት ቀረበ፣ ምን ተወሰነ የሚለውም ይጨመራል። ከዚያም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 89 ደግሞ አደጋ ሲደርስ እርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ ማድረግ የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ዝርዝሩን የጠየቀ ገበሬ መብቱን ነው የጠየቀው።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ወደ አገር ቤት ስሄድ የአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ዝርዝሩን አየሁት። ተለጥፏል፤ ያ እውነት ነው። በእርሳስ ነው የተጻፈው። ፀሐይ አንጥቶታል። የታችኛው ጫፍ ተቀዷል፤ ከ«መ» በኋላ ያሉት ስሞች አብረውት ሄደዋል። ሦስት እናቶች ቆመው ያዩታል። አንዷ ወደ እኔ ዞር ብላ «እስቲ እኔ አለሁ?» አለችኝ። ማንበብ አትችልም። ስሟን ፈልጌ አገኘሁት። አንብቤ ስነግራት እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ «የቱ ጋ?» አለችኝ። ጣቷን ስሟ ላይ አስቀመጥኩላት። ትንሽ ቆየች እዚያ።

እዚያ ቢሮ ውስጥ «ግልጽ አድርገናል፣ ለጥፈናል» ብለው ሪፖርት ያደርጋሉ። አልዋሹም። ግን በሩ ላይ ያለው ወረቀት ለዚያች እናት የተዘጋ ሳጥን ነው። ለእሷ ግልጽ የሚሆነው ስሟ፣ የቤተሰቧ ቁጥር፣ የሚገባት መጠንና የክፍያው ቀን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ በእድር ስብሰባ ሊነበብ ይችላል። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። አንድ ድምፅ ያለው ሰውና ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

የድሃ ስም በአደባባይ ማንበብ ገመና ማውጣት አይሆንም?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ችግራቸውን ደብቀው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ስሜ «የተረጂ» ዝርዝር ላይ ከሚነበብ ጦሜን ልደር የሚል አባወራ አውቃለሁ። ቋሚ በሽታ ያለባት ሴት ደግሞ «ለምን ቀጥታ ድጋፍ ተሰጣት?» ተብላ በሽታዋ ሊወራ ይችላል።

ሌላውም ዓለም በዚህ ተቸግሯል። የአውሮፓ ኅብረት ለገበሬዎቹ የሚሰጠውን ገንዘብ ከነስማቸው ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ሁለት የጀርመን አርሶ አደር ወገኖች ከሰሱ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ፈረደላቸው፤ የእያንዳንዱን ግለሰብ ስም ሳይለዩ ማውጣት የግል ሕይወትን ይነካል አለ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሻሻል ስም ማውጣቱ ተመለሰ፤ ግን በጣም ትንሽ የሚያገኙት፣ ማለትም ከ1250 ዩሮ የማይበልጥ፣ ስማቸው እንዳይወጣ ተደረገ። ብዙ የወሰደ ይታወቃል፤ ጥቂት ያገኘ ይሸፈናል ማለት ነው።

የእኛ ሁኔታ ይለያል። በጎጥ ውስጥ ማን ድሃ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ማን ድሃ ሳይሆን እንደተመዘገበ ነው። ስለዚህ ስሙ በጎጡ ስብሰባ ይነበብ ባይ ነኝ። በፌስቡክና በቴሌግራም ግን አይውጣ። የተመረጠበት ምክንያትም አይነበብ፤ «ቀጥታ ድጋፍ» ከተባለ በቂ ነው። ሕመሙን ኮሚቴው ብቻ ይወቀው። ፎቶ አንስቶ የሚለጥፍ ወጣት ካለ በጎ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ተው በሉት። ወረቀቱ ለጎጡ ሰው ነው የተጻፈው።

የተጠቃሚ ካርዱ ምን ይጠቅመኛል?

ካርዱ ደረሰኝሽ ነው። የቤተሰቡ ቁጥር፣ የተከፈለው መጠንና ቀን ይሞላበታል። መብትና ግዴታሽም ተጽፎበታል። የሚሰጠው በነፃ ነው፤ ለካርድ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ያ ራሱ ቅሬታ ነው።

ሁለት ነገር ብቻ አትርሺ። ካርዱን ለማንም አትስጪ፤ «እኛ ጋ ይቀመጥልሽ» የሚል ብዙ ነው። ጣት አሻራሽን ከማሳረፍሽ በፊት ደግሞ የተጻፈውን ቁጥር አጠገብሽ ያለ ተማሪ ያንብብልሽ። ቀለሙ አውራ ጣትሽ ላይ ካረፈ በኋላ «አልተቀበልኩም» ማለት ከባድ ነው።

በባንክ ወይም በስልክ የሚከፈልባቸው ወረዳዎች አሉ። ገንዘብ ያዥ ስለሌለ መጭበርበሩ ይቀንሳል። ግን የምስጢር ቁጥሩን ወኪሉ ወይም የጎረቤት ልጅ ከያዘው ያው ነው። ክፍያው በእጅም ይሁን በባንክ የክፍያው ቦታ ከቤትሽ ከሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በላይ እንዳይርቅ ፕሮግራሙ ራሱ ያስቀመጠው ልክ አለ።

ከክፍያዬ ላይ ለመዋጮና ለማዳበሪያ ዕዳ ቆረጡብኝ

አይቻልም። የሴፍቲኔት ክፍያ ሙሉውን እጅሽ መግባት አለበት። መዋጮም፣ የማዳበሪያ ዕዳም፣ የመሬት ግብርም ቢኖርብሽ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ፣ በራሱ ደረሰኝ የሚጠየቅ ነው። የክፍያው ጠረጴዛ አጠገብ ሌላ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚጠብቅ ካየሽ ጠረጴዛው እዚያ መኖሩ ራሱ ስህተት ነው።

«ተካፈሉ» ተባልን። ይሄስ?

ይህ ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ ነው። አምስት ሰው ያለው ቤት የሦስት ሰው ብቻ ይመዘገብለታል። ወይም ለሃምሳ ቤት የመጣው ለሰማንያ ቤት ይከፋፈላል። መመሪያው ሙሉ ቤተሰብ ይመዝገብ ይላል፤ ምክንያቱም የሦስት ሰው ራሽን አምስት ሰው ከበላው ልጆቹን ከረሃብ አያወጣም።

ግን ጎረቤትሽ ተርቦ አንቺ ብቻሽን ስትበዪ ማደርም አለ። ሰዉ ሲካፈል የሚካፈለው በክፋት አይደለም። በቡና ላይ አብሮ የሚቀመጥ፣ በልቅሶ አብሮ የሚቆም ሰው ነው። ያንን አከብራለሁ። የተቀበልሽውን በገዛ ፈቃድሽ ማካፈል ያንቺ ነው። ኮሚቴው ወይም ቀበሌው ከመስጠቱ በፊት ከቀነሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ወረቀቱ «ለሃምሳ ቤት ሙሉ ተከፈለ» ይላል፤ የቀሩት ሠላሳ ቤቶች ችግር ደግሞ የትም ሳይመዘገብ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመትም ኮታው አይጨመርም፤ ላይኛው አካል ችግሩን አላየውማ። የመጣው አነስተኛ ከሆነ «አነሰን» ተብሎ ይጻፍ።

ስሜ ተሰረዘ። የት ልሂድ?

በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መኖር አለበት። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ መራጩ ኮሚቴና ቅሬታ ሰሚው አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። የሰረዘሽ ሰው ራሱ ቅሬታሽን ካዳመጠ አቤቱታ አይባልም። መጀመሪያ «የቅሬታ ኮሚቴ አባላት እነማን ናቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ቦታ መልሱ እዚህ ጋ ይጠፋል።

ቅሬታሽን በቃል ማቅረብ ትችያለሽ፤ ግን እንዲጻፍ አድርጊ። ቀኑ ይጻፍ። አንድ ምስክር ይኑር። ጊዜው ወሳኝ ነው፦ ዝርዝሩ እንደተነበበ ወዲያው፣ ክፍያ ሳይጀመር። ኮሚቴው ካልመለሰልሽ ወይም መልሱ ካላረካሽ ወደ ወረዳ ምክር ቤት ይሄዳል።

ብቻሽን አትሂጂ። አክስቴ መጀመሪያ ብቻዋን ሄዳ «ነገ ነይ» ተባለች፣ አራት ጊዜ። በአምስተኛው የእድሯን ዳኛና ሌሎች ሁለት የተሰረዙ ሴቶች ይዛ ሄደች። የዚያን ቀን መዝገቡ ወጣ። ስሟ ሲገለበጥ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ሳይተላለፍ ቀርቶ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ የጽሑፍ ስህተት ነው። ዝርዝሩ በጊዜው ተነቦ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ዕለት ይገኝ ነበር። እሷ ግን ሁለት ወር ተበድራ በላች።

«ተመርቀሻል» ብለው አስወጡኝ

ምረቃ የሚሉት ቤተሰቡ ያለ ድጋፍ ዓመቱን መብላት ሲችል ነው። ንብረቱ ተቆጥሮ፣ ሰዉም ተስማምቶ መሆን አለበት። «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሰው አስመርቁ» ተብሎ ቁጥር ወርዶላቸው ሰው ያስመረቁ ቦታዎች ነበሩ። አንዲት ላም በብድር የገዛች ሴት ላሟ እንደ ሀብት ተቆጥራ፣ ዕዳዋ ሳይቆጠር ከወጣች ያ ምረቃ አይባልም። ቅሬታ ማቅረብ ትችላለች። «ሀብቴ እንዴት ተቆጠረ? ወረቀቱን አሳዩኝ» ትበል።

እርዳታ ለፓርቲ አባል ብቻ ይሰጣል የሚባለው እውነት ነው?

ክሱ አዲስ አይደለም። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ሴፍቲኔትን ጨምሮ የእርዳታ ፕሮግራሞች የገዢውን ፓርቲ ደጋፊ ለመጥቀምና ተቃዋሚን ለመቅጣት ውለዋል አለ። መንግሥት ክሱን አልተቀበለውም። መመሪያው ግን ለሁለቱም ወገን አንድ ነው፦ በፖለቲካ አቋም፣ በሃይማኖት፣ በብሔር መምረጥ ክልክል ነው። በአንድ ቀበሌ ይህ መድረሱን ወይም አለመድረሱን ማወቅ የሚቻለው ዝርዝሩ ክፍት ሲሆን ነው። ክፍት ዝርዝር ደግሞ ቅን ኮሚቴንም ከሐሜት ያድነዋል። በነፃ ጊዜያቸውን የሚሰጡ፣ ስማቸው ያለ ጥፋታቸው የጠፋ የጎጥ ሽማግሌዎች አውቃለሁ።

በ2015 እርዳታው ለምን ቆመ?

የምግብ እርዳታው ነው የቆመው። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለተረጂ የተላከ እህል ወደ ሌላ እየተላለፈ፣ ገበያም እየወጣ መሆኑን ደርሰንበታል አሉ። ትግራይ ውስጥ ማቆማቸው በሚያዝያ 2015 ተነገረ። ሰኔ 1 ቀን 2015 የአሜሪካው ድርጅት በመላ አገሪቱ ማቆሙን አሳወቀ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ተከተለ። ወደ አጠቃላይ እደላ የተመለሱት በ2016 የመጀመሪያ ወራት ነው። ሲመለሱ ምዝገባው እንደ አዲስ ተሠራ፣ የእህል ክትትሉ ጠበቀ፣ መኪኖች ላይ መከታተያ ተገጠመ።

የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ ነው። ክረምት ሙሉ እህል ያጣችው እናት አንድ ኩንታልም ገበያ አላወጣችም። ግልጽነት ሲጎድል ዋጋውን በመጨረሻ የሚከፍለው ወረፋው ጫፍ ላይ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ዝም ማለት የማልችለውም ለዚህ ነው።

መረጃ ከወረዳ መጠየቅ የሚያስችል ሕግ አለ?

አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። ጥያቄሽ ጠባብ ይሁን። «ስለ ሴፍቲኔት ሁሉን ንገሩኝ» ካልሽ አይመልሱልሽም። «ለቀበሌያችን ዘንድሮ የስንት ሰው ኮታ መጣ? የቀን ክፍያው ስንት ነው? የመጋቢት ክፍያ መቼ ከወረዳ ወጣ?» በይ። ሦስት መስመር ይበቃል።

ጮክ ብሎ ማንበብ ለውጥ ያመጣበት አገር አለ?

ሕንድ። ራጃስታን ደረቅ አገር ነው፤ ገበሬው በድርቅ ጊዜ መንገድና ኩሬ እየሠራ ይከፈለዋል። እንደ እኛው። ሰዎቹ ሙሉ ክፍያ እንደማይደርሳቸው ያውቃሉ፤ ማስረጃ ግን የላቸውም። ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን የሚባል የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1994 መጨረሻ ጀምሮ በየመንደሩ ድንኳን እየተከለ የሕዝብ ችሎት ማካሄድ ጀመረ። የሥራ መቆጣጠሪያውን መዝገብ ከቢሮ እያወጡ ለመንደሩ ሰው ጮክ ብለው አነበቡት። የሞተ ሰው ሠርቶ ተከፍሎት ተገኘ። ከተማ የሄደው ተፈርሞለት ተገኘ። ያልተሠራ ሥራ «ተጠናቀቀ» ተብሎ ተገኘ። ያገኘው ኦዲተር አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ያ እንቅስቃሴ አድጎ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ላወጣችው የመረጃ ሕግ ትልቅ መነሻ ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ደግሞ መዝገቡ በመንደሩ ሸንጎ እንዲመረመር አዘዘ።

እኛ ጋ ሸንጎው አለ፣ እድሩ አለ፣ ማኅበሩ አለ። መዝገቡ ብቻ ነው ከቢሮ ያልወጣው።

ከተማና ውጭ ያለን ልጆች ምን እናድርግ?

ለእናት ለአባት ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ካላችሁ በኋላ እነዚህንም ጠይቁ። ካርዱ ላይ ስንት ሰው ተጽፏል? ባለፈው ስንት ተቀበላችሁ፣ በየትኛው ቀን? ዝርዝሩ ዘንድሮ ተነበበ? መልሱን ጻፉት፤ ቀን ጨምሩበት። በዓመቱ የራሳችሁ መዝገብ ይኖራችኋል። ቅሬታ ሲቀርብ ያ ወረቀት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

የአንድን ኮሚቴ አባል ስም ጠቅሳችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ አትክሰሱ። እናንተ ሩቅ ናችሁ፤ በማግስቱ ከዚያ ሰው ጋር ምንጭ ላይ የምትገናኘው እናታችሁ ናት። የእድሩ ዳኛ ስልክ ካለው ለእሱ ደውሉ። የቀን ክፍያውንና የጎጡን ኮታ ጠይቃችሁ ንገሩት፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያነበው ለምኑት። በአክስቴ ጎጥ አሁን ዝርዝሩን የሚያነበው የእድሩ ዳኛ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጁ አጠገቡ ቆማ ቁጥሩን ታባዛለታለች።